የማውቀው አድራሻ

በሁለት ሺህ ሃያ ኖቬምበር፣ በዚህ አገር ከማንም በላይ ውለታ የዋሉልኝን ሰው ከምርጫ ጣቢያ መለስኳቸው። ባለቤቴ ይህን ታሪክ በሁለት መንገድ ታወራዋለች። ሰው ፊት ሲሆን «ሕጉ ነው፤ ምን ያድርግ?» ትላለች። ብቻችንን ስንሆን ደግሞ «ዝም ብትል ምን ነበረበት?» ትለኛለች። ሁለቱንም ስሰማ ኖሬያለሁ። እኔ የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

ሰውዬውን ጋሼ ነው የምላቸው። ዘመዴ አይደሉም። ከስደተኛ ካምፕ ወጥቼ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ የገባሁ ዕለት አስተርጓሚ ተፈልጎ ኤርፖርት የተጠሩት እሳቸው ነበሩ። ተርጉመው ሊሄዱ መጥተው ቤታቸው ይዘውኝ ሄዱ። አራት ወር ሳሎናቸው ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ተኛሁ። መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ሳገባ በአባቴ ቦታ የቆሙልኝም እሳቸው ናቸው። ኒር ኢስት ሳይድ ውስጥ የሰፈሩ ሰው ካሪ አውት የሚላት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው፤ ቢራ፣ ሲጋራ፣ ወተት፣ ሎተሪ የሚሸጥባት። ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ ሁለት ዓመት እዚያች ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ።

የማንስማማው በዚህ አገር ፖለቲካ ብቻ ነበር። ጋሼ ባለሱቅ ናቸው፤ ታክስ ይቀነስ፣ መንግሥት እጁን ይሰብስብ ባይ። እኔ ፎርክሊፍት ነጂ ነኝ፤ የሰዓት ክፍያ ይጨመር፣ ሰው ስለታመመ ሥራውን አይጣ ባይ። ኮቪድ መጥቶ መንግሥት ሥራ ላጡት ሰዎች ተጨማሪ ገንዘብ መስጠት ሲጀምር ክርክሩ ባሰብን።

«ሱቄ ውስጥ የሚቆምልኝ ሰው አጣሁ እኮ!» ይሉኛል በስልክ። «ቤቱ ተቀምጦ እኔ ከምከፍለው በላይ እየሰጡት ማን ይመጣልኛል?»

«ጋሼ፣ ሰዉ በሽታውን ፈርቶ ነው። ደግሞስ ሬንቱን በምን ይክፈል?»

«እኔስ ሬንት አልከፍልም?»

«እርስዎማ ቤት ሊገዙ ነው» ስላቸው ይስቃሉ፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያበቃል።

እውነትም ገዙ። ኦገስት ላይ ከከተማው ዳር ያለ ሂሊያርድ የሚባል ሰፈር ገቡ። ትራክ ተከራይቼ ዕቃቸውን ያጓጓዝኩት እኔ ነኝ። ያን አራት ወር የተኛሁበትን ሶፋ ከሁለተኛ ፎቅ፣ በዚያ ጠባብ ደረጃ፣ በትከሻዬ ነው ያወረድኩት። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ አዲሱ ባዶ ሳሎን መሃል ቆመው ዙሪያውን አዩና «እዚህ ብንጮህ እንኳ ማን ይሰማናል?» አሉ። ሰፈሩ ጭጭ ያለ ነበር።

ምርጫ ጣቢያ ለመሥራት የተመዘገብኩት በልጄ ምክንያት ነው። እዚህ ነው የተወለደችው፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በአማርኛ ስናገራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። በፊት በየጣቢያው ይሠሩ የነበሩት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በሽታውን ፈርተው ቤታቸው ቀሩ። ልጄ ይህን ስልኳ ላይ አንብባ «ዳዲ፣ ዩ ሹድ ዱ ኢት» አለችኝ፤ አንተ ሥራ ማለቷ ነው። ስልጠና ሄድኩ፤ ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። በየጠረጴዛው ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንዳንድ ሰው ይቀመጣል፤ አንዱ ያለ ሌላው ሳጥን አይከፍትም፣ ወረቀት አይነካም። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ።

ደስ ያለኝ በምን ምክንያት እንደሆነ ለልጄ አልነገርኳትም። አገር ቤት ሳለሁ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የምርጫ ጣቢያ ጸሐፊ ሆኜ ነበር። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ብለው ነው የመረጡኝ። ጣቢያው ሊዘጋ ሲል ኃላፊው መዝገቡን አገላበጠና ያልመጡትን ሰዎች አየ። «እነዚህም ቢመቻቸው ኖሮ ይመጡ ነበር፤ እናግዛቸው» አለ። ማንም ምንም አላለም፤ እኔም አላልኩም። በየባዶው ቦታ ፊርማ የሚመስል ነገር ሞነጫጨርኩ፤ እንዳይመሳሰል አንዱን በቀኝ እጄ፣ አንዱን በግራ። ከስሞቹ መካከል የጎረቤታችን የአንዲት ሴት ስም ነበረበት። ሴትዮዋ ከሞተች ወር አልፏት ነበር። ቀብሯ ላይ ቆሜያለሁ። ለሷም ፈረምኩላት። ይህን ለባለቤቴ እንኳ ሳልናገር ኖርኩ።

የምርጫው ዕለት ገና ሳይነጋ ነው የገባነው። ጣቢያው ኒር ኢስት ሳይድ ያለ የስፖርት አዳራሽ ነበር፤ ሰው ተራርቆ እንዲቆም ወለሉ ላይ ቴፕ ተለጥፏል። አብራኝ የተቀመጠችው ከአፐር አርሊንግተን የመጣች ጡረተኛ ነበረች፤ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስትሠራ የኖረች። የሌላው ፓርቲ፣ ማለት የጋሼ ፓርቲ ሰው ናት። ማንም ከማንም እጅ በማይበላበት በዚያ ጊዜ ኩኪ ጋግራ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በወረቀት ጠቅልላ ይዛ መጥታለች። ስም ፈላጊዋ እሷ ናት። እኔ ደግሞ መራጩን አድራሻው ያው መሆኑን ጠይቄ አስፈርመውና ወረቀቱን እሰጠዋለሁ።

ረፋዱ ላይ ሰልፉ ከበር ወጥቶ መንገዱን ይዞ ነበር። ቀና ስል ጋሼ ናቸው፤ ባርኔጣ፣ ማስክ፣ ያ የማውቀው ግራጫ ካፖርት። እኔንም ማስክ አድርጌ አወቁኝ። ዓይናቸው ሳቀ፤ እኔም ደስ አለኝ።

መንጃ ፈቃዳቸውን ለሴትዮዋ ሰጡ። ስማቸውን አገኘች። መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ የድሮው ነው፤ መንጃ ፈቃዳቸው ላይ ያለውም የድሮው። ሁሉም ልክ ነው ብላ ታብሌቱን ወደ እኔ አዞረች። የቀረው የኔ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«አሁንም የሚኖሩት እዚህ አድራሻ ነው?» አልኳቸው በእንግሊዝኛ፣ እንደ ደንቡ።

ጋሼ በአማርኛ መለሱልኝ፤ «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ወረቀቱን ስጠኝ እንጂ!»

እኔም ወደ አማርኛ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ሂሊያርድ ገብተዋል እኮ።»

«ታዲያ? መዝገቡ እዚህ ነህ ይለኛል። ሱቄም እዚሁ ናት።»

«የሚመረጠው በሚኖሩበት ነው። ሂሊያርድ ያለው ጣቢያ ከሄዱ በፖስታ የሚታሸግ ወረቀት ይሰጥዎታል። አድራሻዎን በኋላ አጣርተው ይቆጥሩታል።»

«በኋላ!» አሉ። «እዚህ አንድ ሰዓት ቆሜያለሁ። ሱቁን ለሰው ትቼ ነው የመጣሁት። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት እንደሆኑ እዚህም እዚያም ያው ናቸው።»

እውነታቸውን ነበር። የሚለያየው ወረቀቱ ላይ ከታች ያሉት የየአካባቢው ተወዳዳሪዎች ስም ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ከታች ስላሉት ማንም አላሰበም።

በመካከላችን ወደቆመው የፕላስቲክ መከለያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቤት መቀየሬን እዚህ የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ። ስጠኝና ልሂድ።»

ሴትዮዋ አማርኛ አትሰማም። እስክሪብቶዋን ይዛ በትዕግሥት ትጠብቃለች። ከጋሼ ኋላ ያለው ሰው ሰዓቱን ያያል። «የስ» ቢሉና ወረቀቱን ብሰጣቸው የሚጠይቀኝ አልነበረም። ያኔም የጠየቀኝ አልነበረም። ስፈርምበት የነበረው የዚያ መዝገብ ገጽ፣ መስመሮቹ ሳይቀሩ፣ ፊቴ መጣ።

«አልችልም፣ ጋሼ» አልኩ።

ከመከለያው ራቅ ብለው ቆሙ። «ለማን እንደምሰጥ ስለምታውቅ ነው?»

«ለኔ ፓርቲ ቢሰጡም ይኸው ነበር የምልዎት» አልኳቸው። ያን ሰዓት እውነቴን ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበርኩም። ዛሬ ነኝ።

ሴትዮዋ ችግር እንዳለ ጠየቀችኝ። ሂሊያርድ ቤት እንደገዙና ምዝገባቸውን እንዳልቀየሩ ነገርኳት። አዲሱን አድራሻ ጠየቀቻቸው። ጋሼ እኔን አዩኝና ነገሯት። እሷም የሚሄዱበትን ጣቢያ ፈልጋ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ሰጠቻቸው፤ ይቅርታም ጠየቀቻቸው። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው «ታንክ ዩ» አሉ። ለሷ ነው ያሉት። ወደ እኔ ሳይዞሩ ወጡ።

«ጓደኛህ ናቸው?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«እንደ አባቴ ናቸው» አልኳት።

አንዱን የተጠቀለለ ኩኪ በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ቀጥሎ ያለውን ሰው ጠራን።

ስንዘጋ የፈረመው ሰው ብዛትና የወጣው ወረቀት ብዛት ልክ መሆኑን እሷም ቆጠረች፣ እኔም ቆጠርኩ። አንድ ወረቀት ላይ ሁለታችንም ፈረምን። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ የጋሼን ቁጥር አወጣሁና ሳልደውል ስልኩን አስቀመጥኩት።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ያኔ ውስጥ የሚገባው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሌላው ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። አንድ የማውቀው ሰው ወደ መኪናዬ መጥቶ «ጋሼን አላስመርጥም አልክ አሉ» አለኝ። ሕጉን ላስረዳው ሞከርኩ። «ሕጉን ተወው፤ ጋሼን እኮ ነው የምልህ!» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ሌላው ደግሞ ፓርቲዬ የነጋሼን ፓርቲ ድምፅ ለማስቀነስ እዚያ እንዳስቀመጠኝ አወራ።

ታንክስጊቪንግን፣ የምስጋናውን በዓል፣ ሁልጊዜ የምንበላው እነ ጋሼ ቤት ነበር። በዚያ ዓመት አልተጠራንም። ሰው ቤት መሰብሰብ አቁሞ ስለነበር ያልተጠራነው በበሽታው ይሁን በኔ ምክንያት መለየት አቃተኝ። ባለቤቴ በበሽታው ነው አለች፤ ግን አላየችኝም።

ዲሴምበር ላይ እትዬ ኮል አደረጉኝ። ድምፃቸው እንደወትሮው ነበር። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፤ ስለ ብርዱ አወራን። በመጨረሻ «አኩርፏል» አሉኝ። «ግን ሱቅ ውስጥ አንድ ሰው ባንተ ላይ ክፉ ቢናገር ተቆጥቶ አስወጣው። ግራ የገባው ሰው ነው።»

«እትዬ፣ ያን ቀን ሂሊያርድ ሄደው መረጡ?»

«እኔን አትጠይቀኝ። እሱን ጠይቀው» አሉና ዘጉት። አልጠየቅኳቸውም። ፈራሁ።

ጃንዋሪ ላይ ዋሽንግተን ውስጥ ሰልፈኛ ምክር ቤቱን ሰብሮ ሲገባ ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን። ያን ቀን ዌርሃውስ ውስጥ በምሳ ሰዓት ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አላወራም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ከሁለት ቀን በኋላ ጋሼ ራሳቸው ደወሉ። «ዛሬ ኦፍ ነህ? እስቲ ሂሊያርድ ና።»

ጋራዣቸው ውስጥ ነበር የተቀመጥነው፤ በሩን ከፍተው፣ ሁለት ወንበር አራርቀው፣ መሃል ላይ ትንሽ ሂተር አድርገው። ሰላምታችን አጭር ነበር። ጋሼ እጃቸውን ሂተሩ ላይ እያሞቁ ቆዩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ምርጫው ተሰርቋል ይላሉ። ሱቅ የሚገባው ሁሉ የየራሱን ያወራል። ቴሌቪዥኑም እንደዚያው ነው። አንተ እዚያ ተቀምጠህ ነበር። ምን አየህ?»

ያየሁትን ነገርኳቸው። አብራኝ የነበረችው ሴትዮ የሳቸው ፓርቲ ሰው መሆኗን፣ አንዳችን ያለ ሌላችን ምንም እንዳልከፈትን፣ ቆጥረን እንዴት እንደፈረምን ተረክሁላቸው። «በሌላው ስቴት የሆነውን አላየሁም፣ ጋሼ። የተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ላይ ግን አንድም የተበላሸ ነገር አልነበረም።»

ሂተሩን ትንሽ ወደ እኔ ገፉት። ከዚያ «እኔን እንኳ አላሳለፍክም» አሉ። «መጀመሪያ በጣም ነው የተናደድኩብህ። ሶፋዬ ላይ ያሳደርኩት ልጅ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ አልኩ። ሰሞኑን ግን ይህን ሁሉ ወሬ ስሰማ ያው ነገር ይመላለስብኛል፤ እኔን ያላሳለፈ ሰው ሌላ ማንን ያሳልፋል?» ቀና አሉ። «ያንተን ጠረጴዛ አምናለሁ። የሌላውን ግን ገና አላውቅም።»

አልተከራከርኳቸውም። የሚያዩት ቴሌቪዥን በአንድ ከሰዓት እንደማይቀየር አውቃለሁ፤ እኔም የራሴ ቴሌቪዥን አለኝ። ይልቅ ያቺን ትንሽ ከተማ ነገርኳቸው። መዝገቡን፣ በግራ እጄ የፈረምኩትን፣ የሞተችውን ጎረቤታችንን። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ልጅ ነበርክ እኮ» አሉ ጋሼ።

«እጁ ግን የኔ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ገባኝ» አሉ። ከኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡና ሰጡኝ። ያን ቀን ከኔ ጠረጴዛ ወጥተው ሱቃቸውን ዘግተው በቀጥታ ሂሊያርድ ሄደው ነበር። እዚያም ተሰልፈው፣ በፖስታ አሽገው ሰጥተዋል። ወረቀቱ ድምፃቸው መቆጠሩን የሚጠይቁበት ስልክ ቁጥር ያለበት ነው። ሁለት ወር በኪሳቸው ይዘውት ኖረዋል።

«ለምን አልደወሉም?»

«አልተቆጠረም ቢሉኝስ? ያኔ አንተን እንዴት ነው የማይህ?»

እኔው ደወልኩና ስፒከር ላይ አደረግኩት። አንዲት ሴት አነሳች። ስማቸውን ፊደል በፊደል ነገርናት፤ የትውልድ ቀናቸውን ጋሼ ራሳቸው ነገሯት። የኮምፒውተር ቁልፍ ስትመታ ይሰማናል። ቀጥሎ መቆጠሩን ነገረችን።

«ሴይ አጌን?» አሏት ጋሼ።

ደገመችላቸው። አመስግነን ዘጋን። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ተቆጥራለች» አሉ። ከዚያ በቤቱ በር በኩል ዞረው «አንቺ! ተቆጥራለች!» ብለው ጮኹ። እትዬ ከውስጥ ምን እንደተቆጠረ ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ እንደድሮው ሆነ ብል ውሸት ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እስከ ዛሬ ጨረፍ አድርጎ የሚያየኝ ሰው አለ። ጋሼም ሰው በተሰበሰበበት «ይሄ እንኳ ያለ አድራሻ ምግብም አያስበላም» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ቀልዱ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ አለችበት፣ ትሰማኛለች። ክርክራችን ግን ተመልሶ መጣ። በሁለት ሺህ ሃያ አንድ ዌርሃውሳችን ሠራተኛ ሲያጣ የሰዓት ክፍያ ጨመረ። እኔ ደስ ብሎኝ ስነግራቸው ጋሼ «አንተ ደስ ይበልህ፤ እኔ ያለችኝን አንዲት ሠራተኛ በምን ላቆያት?» አሉኝ። ትልቅ ድርጅት በአንድ ስብሰባ የሚጨምረውን፣ አንዲት ትንሽ ሱቅ በምን አቅሟ እንደምትጨምረው ከዚያ በፊት አስቤበት አላውቅም ነበር።

በሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ደግሞ ዘይቱም ዱቄቱም ጋዙም ሲወደድ በየሳምንቱ ይደውሉልኝ ጀመር። «ይኸው! ገንዘቡን ሲረጩት ከርመው እንዲህ አደረጉን።»

«ጋሼ፣ ለሱቅዎ ከመንግሥት የተበደሩት ሎን ተሰርዞልዎት የለ? እሱስ የተረጨ አይደለም?»

«እሱ ሌላ ነው!»

እትዬ ከኋላ ሲስቁ ይሰማኛል። ጋሼ ራሳቸው ሳይነግሩኝ ሠራተኛዋ ናት የነገረችኝ፤ ኮቪድ ይዟት በተኛችበት ጊዜ ጋሼ የሁለት ሳምንት ደሞዟን ሳያጎድሉ ከፍለዋታል። ይህን አንስቼባቸው አላውቅም። አንስቼ ቢሆን «እሱም ሌላ ነው» ይሉኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመርጥ ሆነ። ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ የናሙናውን ወረቀት አትማ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የላይኞቹን ስሞች ታውቃቸዋለች። ወደ ታች ስትወርድ እዚህ አገር በድምፅ የሚመረጡ ዳኞች አሉ፣ ታክስ ይጨመር አይጨመር የሚል ጥያቄ አለ፤ ዓይኗን እያሻሸች አነበበቻቸው።

«ዳዲ፣ ሁ አር ዚዝ ፒፕል?»

«እኔም ሁሉንም አላውቃቸውም» አልኳት። «ፈልጊያቸው።»

«ጀስት ቴል ሚ ሁ ዩር ቮቲንግ ፎር።»

«አልነግርሽም።»

«ዳዲ፣ ኤቭሪባዲ ኖውስ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ላፕቶፗን አምጥታ ከመጀመሪያው ዳኛ ጀመረች። አንዳንዱ ላይ ትቆያለች፤ አንዳንዱ ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት ታደርጋለች። የታክሱ ጋ ስትደርስ ጋሼ ምን እንደሚሉ ጠየቀችኝ። ደውለሽ ጠይቂያቸው አልኳት። ደወለች። ጋሼ በአማርኛ ሲያስረዷት እሷ በእንግሊዝኛ እየጠየቀቻቸው ቆዩ። እኔ ሳህኖቹን አጥቤ ጨርሼ፣ አደራርቄ ስመልሳቸው እንኳ ገና አልዘጉም ነበር።